ዳገቱ ነዳጅ ይበላል፤ ቁልቁለቱስ?



ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ዘመድ ለመጠየቅ ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወደ ሸዋ ሮቢት እየተጓዝን ነበር። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጣሪያው ላይም ከረጢትና ጀሪካን ተደርድሮበታል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ለወትሮው ጆሮ የሚያደነቁረው የሞተር ድምፅ በድንገት ቀጥ አለ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ሾፌሩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን ለቁልቁለቱ ለቆት ነበር። ከፊታችን ጉም አለ፣ ከጉሙ ሥር ገደል አለ፣ ከገደሉ በታች ደብረ ሲና አለች።

ጋቢና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠን ስለነበር፣ «ወንድማችን፣ ማርሽ ቢያስገቡ አይሻልም?» አልነው። እሱም ፈገግ ብሎ፣ «አይስጉ ኡስታዝ፤ ዳገቱ የበላብኝን እዚህ ካላስመለስኩ የት ላስመልስ ነው? ሊትሩ ስንት እንደገባ እርስዎም ያውቃሉ» አለን። ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንዲት እናት ብቻ፣ «ያረብ በሰላም አድርሰን» ሲሉ ሰማናቸው። ደብረ ሲና ደርሰን ስንወርድ ከፊት ጎማዎቹ አካባቢ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ይወጣ ነበር። ረዳቱ ውሃ ሊያፈስበት ጀሪካን አነሳ። አልሐምዱሊላህ በሰላም ደርሰናል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ከልባችን አልወጣም። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹን የሚያበላ፣ ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ የሚያስገባ፣ የሚሠራውንም ከታላላቆቹ የተማረ ነው። ጥያቄው ግን፣ ያ ሾፌር በእርግጥ ነዳጅ ቆጥቦ ነበርን? የሚለው ነው። ለተማሪዎቻችን ይህንኑ ጥያቄ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አቀረብንላቸውና ከእነርሱ ጋር ስንመረምር የቆየነውን ለእናንተም ማካፈል ወደድን።

እንደሚታወቀው አገራችን የምትጠቀመው ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ፣ በአመዛኙ በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚገባ ነው። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በ2014 እ.ኢ.አ. ክረምት በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ50 ብር በታች ነበር። በ2017 እ.ኢ.አ. አጋማሽ ላይ ከ100 ብር አለፈ። ሁለት ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የምንከፍለው ታሪፍ፣ የሽንኩርቱና የዘይቱ ዋጋ፣ ለወፍጮ የምንከፍለው ሁሉ ይህንኑ ተከትሎ ወጥቷል። መኪና የሌለው ቤተሰብም የነዳጁን ዋጋ ከፋይ ነው።

በነገራችን ላይ የነዳጅ ዋጋ በአገራችን ታሪክ የሠራውን ያህል ብዙ ነገር አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ባስከተለው የነዳጅ ማዕቀብ የዓለም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሲንር፣ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በየካቲት 1966 እ.ኢ.አ. የቤንዚን ጭማሪውን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ ወጡ፤ ተማሪውም ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አባቶቻችን በዚያ ዘመን መኪና ከነዱ፣ ቤንዚን እንዴት እንደሚቆጠብ ከእኛ ይልቅ ያውቁ ነበር ብለን እንገምታለን።

ለአንድ ሙስሊም ደግሞ ጉዳዩ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመድረሳ የውዱእን ምዕራፍ ስንቀራ ኡስታዛችን ከኢብሪቁ ስንት ውሃ እንዳፈሰስን ይመለከቱ ነበር። ከምንጩ ዳር ቆመን እንኳ ካበዛን ይቆጡናል። «ውሃው ሞልቶ የለም ወይ?» ስንላቸው፣ ኢስራፍ የሚባለው ነገር ካለህ ብዛት ጋር ሳይሆን ከሚያስፈልግህ ጋር እንደሚለካ ያስረዱን ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ለውሃ ብቻ ይመስለን ነበር።

ነዳጁ የት ይሄዳል?

እስቲ እርሳስና ወረቀት እናንሳ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ 130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ለጊዜው ብንረሳው እንኳ፣ መኪናው ራሱንና በውስጡ ያለውን ሁሉ 400 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት አለበት። ከነተሳፋሪው ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ቢሆን፣ ይህን ለማድረግ 12 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 36 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ቢኖረውም ሞተር ከዚህ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሲሶውን ያህል ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ለከፍታው ብቻ አንድ ሊትር ናፍጣ ሄደ። ይህ ማንም ሾፌር ሊያስቀረው የማይችል፣ ለተራራው የሚከፈል ቀረጥ ነው።

ሾፌሩ ሊያስቀረው የሚችለው ሌላ አለ። ያው ሚኒባስ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳለ ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ ቢያቆመው፣ በፍሬኑ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ጉልበት መልሶ 80 ለመድረስ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠይቃል። ይህም አንድ የቡና ስኒ መሆኑ ነው። ሾፌሩ ከፊት ያለችውን ጋሪ ወይም መንገድ የሚያቋርጠውን የበግ መንጋ ከሩቅ እያየ ነዳጅ መስጠቱን ሳያቆም፣ ከአጠገቡ ሲደርስ ፍሬን በረገጠ ቁጥር አንድ ስኒ ናፍጣ አስፋልቱ ላይ እንደደፋ ይቁጠረው። አሥራ ስድስት ጊዜ ቢደፋ አንድ ሊትር ነው። ከሰንዳፋ እስከ ደብረ ብርሃን፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ በኩል ስንት በግ፣ ስንት ጋሪ፣ ስንት ባጃጅ እንዳለ መንገዱን የሚያውቅ ይቁጠር።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን አንድ ነገር አስተዋሉ። ጥሩ ሾፌር የሚባለው ፍሬን ቶሎ የሚረግጥ ሳይሆን ፍሬን የማያስፈልገው ነው፤ እግሩን ከነዳጅ መስጫው የሚያነሳው ከመቶ ሜትር በፊት ነውና። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ለሕዝቡ በሚያሰራጨው መረጃ፣ በጥድፊያ መንዳት፣ ማለትም በኃይል መነሳት፣ መፍጠንና ፍሬን መደንቀር፣ በአውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ፣ በከተማ የቁም ሂድ ጉዞ ደግሞ ከ10 እስከ 40 በመቶ በአንድ ሊትር የሚኬደውን ርቀት ያሳጥራል ይላል። በእኛ ቋንቋ ስናስበው፣ በቀን 30 ሊትር የሚቀዳ ባለሚኒባስ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢያድን 3 ሊትር ነው። ሊትሩን 100 ብር ብቻ ብናስበው በቀን 300 ብር፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 7,500 ብር ይሆናል። ይህ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ስለ ፍጥነትም እንዲሁ። አየር ቀላል ነገር ይመስለናል፤ ነገር ግን በፍጥነት ለሚሄድ መኪና አየር ማለት እንደ ውሃ የሚገፋ ነገር ነው። ግፊቱ ደግሞ የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጨመር ፍጥነቱ በሩብ ሲያድግ የአየሩ ግፊት ግን በ56 በመቶ ያድጋል። የሚገኘው ትርፍስ ምንድን ነው? 130 ኪሎ ሜትሩን አንድም ጊዜ ሳያቆሙ በ80 ቢሄዱት 97 ደቂቃ ተኩል፣ በ100 ቢሄዱት 78 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ 20 ደቂቃ አይሞላም። ያም መንገዱ ባዶ ቢሆን ነው፤ ባዶ ሆኖ አያውቅም እንጂ። አብዛኛውን ጊዜ 100 ሲነዳ የነበረው መኪና ሸኖ መግቢያ ላይ በ80 ሲመጣ ከነበረው ጋር አንድ ላይ ቆሞ ይገኛል።

በከፍታችን ምክንያት አንድ የተለየ ነገርም አለ። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባህር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ መኪናውን የሚገፋው አየር ትንሽ ቢቀልም ሞተሩ የሚተነፍሰውም ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። በድሮዎቹ ባለ ካርቡራተር መኪኖች ደግሞ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ አይቀንስምና ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይወጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ይዞ ደጋ መውጣት ኪሳራ ነው። አዲሶቹ መኪኖች ነዳጁን በኮምፒዩተር እየመጠኑ ስለሚረጩ ይህን ችግር ራሳቸው ያስተካክላሉ። ጉልበት ማጣቱ ግን አይቀርም። ዳገት ላይ ሲኖትራክ ለመቅደም ሲታገል የምናየው ሚኒባስ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦም የማይፈጥነው ለዚህ ነው። በዚያች ሰዓት የሚበላው ነዳጅ ብዙ፣ የሚያገኘው ጥቂት፣ የሚደፍረው አደጋ ደግሞ ትልቅ ነው።

የብርድ ነገርም አለ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሞተር አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ የተለመደ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር እንደ ትልቅነቱ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ሊበላ ይችላል፤ የሄደው ኪሎ ሜትር ግን ዜሮ ነው። አዲሶቹ ሞተሮች የሚፈልጉት አንድ ደቂቃ ያህል ዘይቱ እስኪዞር መጠበቅና ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብሎ መሄድ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተር አስነስቶ የሚጮኸውን ረዳትማ ምን እንበለው?

እግርን አንስቶ መንዳት

አንድ ተማሪያችን ዘመዱ ከአሜሪካ መጥቶ በተከራየው መኪና ወደ አዳማ ይዞት ሲሄድ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ ሲነዳ አይቶ ተደንቆ ነበር። «ጌታው፣ መኪናው ራሱ ይነዳል!» አለን። ይህ ክሩዝ ኮንትሮል የሚባለው ነው። ዛሬ ወደ አገራችን በገቡ ብዙ የቤት መኪኖች መሪ አጠገብ ቁልፉ አለ፤ ባለቤቶቹ ግን ምን እንደሆነ ሳያውቁ መኪናውን ይሸጡታል።

የዚህ መሣሪያ አጀማመር ደስ የሚል ታሪክ አለው። የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በአምስት ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር። የሚነዳው ጠበቃው ነበር። ጠበቃው ሲያወራ መኪናው ይቀዘቅዛል፣ ሲያዳምጥ ደግሞ ይፈጥናል። ዓይን ያላቸው ያላስተዋሉትን ይህን መንገጫገጭ ማየት የተሳነው ሰው በሰውነቱ አስተዋለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ቤንዚንና ጎማ ለመቆጠብ በሰዓት 35 ማይል ማለትም 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የፍጥነት ወሰን ማድረጓም ሐሳቡን አጠናከረለት። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፤ የክራይስለር ኩባንያ በ1958 መኪኖቹ ላይ ገጠመው። በሰፊው የተፈለገው ግን ከ1973ቱ የነዳጅ ችግር በኋላ ነው። እኛን ያስገረመን ነዳጅ የሚባክንበትን መንገድ መጀመሪያ ያወቀው መሪ የጨበጠው ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ መሆኑ ነው። ሚኒባስ ውስጥ አንገታችን ወደፊትና ወደኋላ በተወዛወዘ ቁጥር ነዳጅ እየባከነ ነው፤ ይህን ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።

ታዲያ ክሩዝ ኮንትሮል ነዳጅ ይቆጥባል ወይ? መልሱ እንደ መንገዱ ነው። በ2006 እ.ኢ.አ. እንደተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ባለ፣ አጥር ባለው፣ እንስሳ በማይገባበት ሰፊ ጎዳና ላይ፣ መሣሪያው ፍጥነቱን አንድ ቦታ ስለሚይዘው ሾፌሩ ሳይታወቀው 90፣ 110፣ 95፣ 120 እያለ የሚያባክነውን ያድናል። ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት መንገድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተራው ክሩዝ ኮንትሮል ከፊት ዳገት እንዳለ አያይም። ዳገቱ ላይ ፍጥነት ሲቀንስበት ወዲያው ነዳጅ ይደፋል፤ ከጫፍ እስኪደርስ ድረስም በተባለው ፍጥነት ሊወጣ ይታገላል፤ ከጫፉ በኋላ ቁልቁለት እንዳለ አያውቅምና። አስተዋይ ሾፌር ዳገቱን ሲወጣ ፍጥነቱ ትንሽ እንዲቀንስ ይፈቅዳል፤ ጫፉ ሲቃረብ እግሩን ያነሳል፤ የቀረውን ቁልቁለቱ ይመልስለታል። የአውሮፓ የጭነት መኪና ፋብሪካዎች አሁን የመንገዱን ካርታ በኮምፒዩተር ላይ ጭነው ክሩዝ ኮንትሮሉ ዳገቱን አስቀድሞ እንዲያውቅ አድርገዋል፤ የሚሠራው ግን የድሮ የወሎ መንገድ ሾፌሮች በልምድ ሲሠሩት የነበረውን ነው።

በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ መሣሪያውን እንድትጠቀሙበት አንመክርም። ጫጫ አካባቢ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ሊያምር ይችላል። ነገር ግን በጉም፣ በዝናብ በረጠበ አስፋልት፣ በግና አህያ በሚያቋርጥበት ቦታ እግርን ከፔዳል አርቆ መቀመጥ መዘናጋትን ያመጣል። ጎማው ውሃ ላይ ሲንሸራተትም መሣሪያው ፍጥነቱን ልጠብቅ ብሎ ነዳጅ ሊሰጥ ይችላል።

ወደ ጣርማ በር እንመለስ

አሁን ወደ ሾፌራችን ጥያቄ እንመለሳለን። ማርሽ ዜሮ ላይ ሲሆን ሞተሩ ከጎማው ጋር አይገናኝም። ሆኖም እንዳይጠፋ ራሱን በራሱ ማዞር አለበት፤ ለዚህም ነዳጅ ይጠጣል። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ነዳጃቸው በኮምፒዩተር በሚመጠን መኪኖች ላይ በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋዋል። በናፍጣ መኪኖችም ድሮ ባለ መካኒካል ፖምፓ የሆኑት ሳይቀሩ ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳ ፖምፓው ናፍጣውን ይቆርጣል። በዜሮ ማርሽ የወረደው ሾፌር ቆጠብኩ ያለውን ያህል ጊዜ ሁሉ ነዳጅ ሲያቃጥል ነበር፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ የወረደው ደግሞ ምንም አላቃጠለም። በካርቡራተር ዘመን ዜሮ ማርሽ ጥቂት ጠብታ ያድን ነበር፤ ልማዱ ከዚያ ዘመን የተወረሰ ይመስለናል። ሞተሩ ተለውጦ ልማዱ ቀረ።

እርግጥ ነው፣ አንድ ሰው ተነስቶ «ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይይዘዋል፤ በዜሮ ግን ያለ ነዳጅ ሩቅ ይንከባለላል» ሊል ይችላል። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ላለ ትንሽ ቁልቁለት ይህ ክርክር ሊቀርብ ይችላል። ከጣርማ በር በታች ግን ጭንቀቱ መኪናው እንዳይቆም ሳይሆን እንዳይበር ነው። እንዲይዘው የምንፈልገው መያዝ ይኸው ነው።

ስለዚህም ነገሩ ከገንዘብ ወደ ነፍስ ይሻገራል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእኛ ሦስት ቶን ሚኒባስ ይህን 1,700 ሜትር ሲወርድ 50 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት አንድ ቦታ ማስረከብ አለበት። አየሩና ጎማው የሚወስዱትን ብንቀንስ እንኳ የቀረው ግማሽ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ተማሪዎቻችን ይህን ሲያሰሉ ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህ ሁሉ ሙቀት ማርሹ ዜሮ ከሆነ በአራት ጎማዎች ውስጥ ባሉ ትንንሽ የፍሬን ሸራዎች ላይ ይወድቃል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ደግሞ ከፈላ አረፋ ይሆንና ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። «ፍሬን እምቢ አለው» እየተባለ በዜና የምንሰማው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው ከአቅሙ በላይ ስለተጠየቀ ነው። ያ ደብረ ሲና ላይ የሸተተን ሽታ የዚህ ጅማሬ ነበር። በነገራችን ላይ በጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ረዳቱም ጀሪካኑን ወደ ቦታው ቢመልስ ይሻለው ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዳንዶች ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ጭራሽ ያጠፋሉ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው አየር ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል፤ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከወጣ መሪው ሊቆለፍም ይችላል። ትላልቆቹ የጭነት መኪኖች ደግሞ ፍሬናቸው የሚሠራው ሞተሩ በሚሞላው አየር ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የሚወጣና ከወሎ የሚመጣ ከባድ ጭነት ቀን ከሌት ይመላለሳል። አንዱ ሾፌር ጥቂት ብር አድናለሁ ሲል ከፊቱ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የማያውቃቸው ቤተሰቦች አሉ። ተሳፋሪ አማና ነው። ነዳጁ የባለንብረቱ ነው፤ ነፍሱ ግን የማንም ሾፌር ንብረት አይደለም።

አንኮበር ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር ስንደርስ ከእግራችን ሥር የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ከአንኮበር እስከ አልዩ አምባ ያለው ቁልቁለት በአጭር መንገድ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት፣ የአርጎባና የሌሎችም ሙስሊም ነጋዴዎች ገበያ ነበረች፤ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር። ግመል ደጋ አይወጣምና ጭነቱ ለበቅሎና ለአህያ ይተላለፋል። የጫነ አጋሰስ ቁልቁለት ሲወርድ ያየ ሰው እግሩን እየመጠነ፣ ጭነቱን ወደ ኋላ እየያዘ እንደሚወርድ ያውቃል። ለመውረድ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኞች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ሌላም ጥቂት እንጨምር። የጎማ አየር ሲያንስ መኪናው ይጎትታል፤ ስለዚህ ጎሚስታ ዘንድ አየሩን ጠዋት ጎማው ሳይግል በወር አንድ ሁለት ጊዜ ማስለካት ጥሩ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ባዶውን ሳይቀር አየር ይይዛል፤ ዕቃ ሲጫንበት ደግሞ በአውራ ጎዳና ፍጥነት እንደ ጭነቱ ስፋት ከአሥር በመቶ በላይ ነዳጅ ሊበላ ይችላል። የቤት መኪና ያላችሁ ያለ ምክንያት አትሸከሙት። የምትበሉትን ነዳጅ ለማወቅ ደግሞ ታንከሩን ሙሉ አስሞልታችሁ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሙሉ አስሞልታችሁ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር አካፍሉ። ለምሳሌ 360 ኪሎ ሜትር በ30 ሊትር ከሆነ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ነው። ልጆቻችሁ መዝገቡን ይያዙት። በአንድ ወር ውስጥ አባታቸውን ይቆጣጠሩታል።

በ2016 እ.ኢ.አ. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተሞቻችን በዝተዋል። ለእነርሱ ጣርማ በር የተለየ ትርጉም አለው። ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ያንን ግማሽ በርሜል ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ባትሪው ከላይ ሙሉ ሆኖ ከተነሳ ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ያው ወደ ፍሬን ይመለሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ ባትሪ ሞልቶ ቁልቁለት መውረድ አይመከርም፤ ጥቂት ቦታ መተው ይበጃል። ነዳጅ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ከሸዋ ሮቢት ስንመለስና በሌላ ጊዜ ደግሞ ስንወርድ ሌላ ሾፌር አጋጠመን። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ነው። ከዋሻው እንደወጣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ መጮህ ሲጀምር ከኋላ ያሉ ወጣቶች «አባባ፣ ይፍጠኑ እንጂ!» አሏቸው። እሳቸውም «ልጆቼ፣ መኪናው እየጮኸ ያለው እኔ ዝም እንድል ነው» ብለው ዝም አሉ። አንዳንድ ኩርባ ላይ ፍሬኑን አጠር አድርገው ይረግጡና ይለቁታል፤ ከዚያ በቀር እግራቸውን አላየነውም። ደብረ ሲና ላይ ለቡና ስንቆም ወርደን ወደ ፊት ጎማው እጃችንን አስጠጋን። ለብ ከማለት በቀር ምንም አልነበረውም። እሳቸው ግን ለተሳፋሪው ቆሎ የምትሸጠዋን ልጅ ጠርተው ዋጋ እየተከራከሩ ነበር።